መስመሩና ማመንጫው ሲለያዩ፦ ለሠራተኛ ማኅበራት የአማራጮች ንጽጽር

የአውሮፓ ኅብረት የኤሌክትሪክ ኩባንያዎች የማስተላለፊያ መስመርን ከኃይል ማመንጨትና ከሽያጭ እንዲለዩ ካስገደደ ቆይቷል። እንዴት ይለያዩ ለሚለው ግን ሕጉ ምርጫ ሰጥቷል። የሚመርጡት መንግሥትና ኩባንያው ናቸው። ውጤቱን የሚሸከመው ደግሞ ማማ ላይ የሚወጣው፣ በቁጥጥር ማዕከል ተረኛ ሆኖ የሚያድረውና በማመንጫው የሚቀረው ሠራተኛ ነው። የማኅበር ተደራዳሪ ስብሰባ ሲጠራ ከፊቱ የሚቀርቡለት አማራጮች ስማቸው ይመሳሰላል፤ ሁሉም «ገለልተኛ» ይባላሉ። ይህ ጽሑፍ እነዚህን አማራጮች ከሠራተኛው ወገን ሆኖ ይመዝናቸዋል። ዓመቶቹ በሙሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

አቋማችንን ቀድመን እንናገር። ማኅበራት ብዙ ጊዜ የሚሟገቱት በአማራጩ ስም ላይ ነው፤ ከስሙ ይልቅ የሚያስጨንቀን ከመስመሩ ጋር ምን አብሮ ይሄዳል፣ ከማመንጫው ጋርስ ምን ይቀራል የሚለው ነው።

## ሕጉ የከፈታቸው በሮች

በ1996 የወጣው የመጀመሪያው የኤሌክትሪክ መመሪያ የጠየቀው ሂሳብንና አስተዳደርን መለየት ብቻ ነበር። የ2003ቱ መስመሩ በሕግ ራሱን የቻለ ኩባንያ እንዲሆን አዘዘ፤ አክሲዮኑ ግን በእናት ኩባንያው እጅ መቆየት ይችል ነበር። የአውሮፓ ኮሚሽን በጃንዋሪ 2007 ይፋ ባደረገው የዘርፉ ምርመራ ይህ አልበቃም አለ። መስመሩን የያዘው ኩባንያ ለተፎካካሪዎቹ በር የመክፈት ፍላጎት የለውም የሚል ነበር ክሱ። በሴፕቴምበር 2007 ሁለት መንገድ አቀረበ፦ ሙሉ የባለቤትነት መለያየት፣ ወይም ገለልተኛ የሥርዓት ኦፕሬተር (ንብረቱ በእናት ኩባንያው ይቀራል፣ ማንቀሳቀሱ ለሌላ ድርጅት ይሰጣል)። ፈረንሳይና ጀርመን ስድስት አገሮችን ይዘው «ሦስተኛ መንገድ» ብለው ተቃወሙ፤ ገለልተኛ የማስተላለፊያ ኦፕሬተር የሚባለው አማራጭ (መስመሩ በእናት ኩባንያው ሥር ይቆያል፣ አሠራሩ ግን በጥብቅ ይለያል) ከዚያ ተወለደ። ሕጉ ጁላይ 13 ቀን 2009 ጸደቀ፣ መለያየቱም እስከ ማርች 3 ቀን 2012 እንዲጠናቀቅ ታዘዘ። መመሪያ 2019/944 አማራጮቹን እንዳሉ ወርሶ ከአንቀጽ 43 ጀምሮ አስቀምጧቸዋል።

ሁለት ነጥብ ልብ በሉ። አንደኛ፣ ከሙሉ መለያየት ውጭ ያሉት መንገዶች የተፈቀዱት መስመራቸው ሴፕቴምበር 3 ቀን 2009 በተቀናጀ ኩባንያ፣ ማለትም ማመንጫንና መስመርን አንድ ላይ በያዘ ኩባንያ፣ እጅ ለነበረ ብቻ ነው። ሁለተኛ፣ ኩባንያው ሙሉ መለያየትን እመርጣለሁ ካለ መንግሥት ሊከለክለው አይችልም። ስለዚህ መንገዱ በአንድ አቅጣጫ የሚያስኬድ ነው። አንዴ የተሸጠ መስመር በሌላ አማራጭ ስም ተመልሶ ወደ ግቢው አይገባም።

ወደ ቤት የሚገባው የስርጭት መረብ ሕጉ የላላ ነው። በሕግ የተለየና በአሠራር ራሱን የቻለ ኩባንያ መሆን ይበቃዋል፤ ከ100,000 በታች ደንበኛ ያላቸውን ደግሞ አገሮች ከዚህም ነፃ ሊያደርጓቸው ይችላሉ።

## ከማኅበራቱ ሥጋት የሚጸናውና የማይጸናው

የአውሮፓ የሕዝብ አገልግሎት ማኅበራት ፌዴሬሽንና በየአገሩ ያሉ የኃይል ሠራተኛ ማኅበራት ሙሉ መለያየትን የተቃወሙባቸው ምክንያቶች ጥቂት አይደሉም፦ የሥራ ቅነሳ፣ የኅብረት ስምምነት መበጣጠስ፣ የሙያ መጥፋት፣ ለገንዘብ ፈንዶች በር መከፈት፣ የረጅም ጊዜ ኢንቨስትመንት መዳከም። አብዛኞቹ መሠረት አላቸው።

አንዱን ግን ባታነሱት ይሻላል። «መለያየት መብራት ያጠፋል» የሚለው መከራከሪያ ማስረጃ ሲቀርብበት ይወድቃል። ኖቬምበር 4 ቀን 2006 ጀርመን ውስጥ በኤምስ ወንዝ ላይ የሚያልፈው የኮኔፎርደ–ዲለ የ380 ኪሎ ቮልት መስመር ለመርከብ ማለፊያ ሲባል ተቋረጠ። የአጎራባች ኦፕሬተሮች ቅንጅት ጎድሎ ስለነበር የአውሮፓ መረብ ለሦስት ተከፍሎ ከ15 ሚሊዮን በላይ ቤተሰብ ጨለማ ውስጥ ገባ። መስመሩን ያቋረጠው ኦፕሬተር ያኔ የተቀናጀ ቡድን አካል ነበር። ተከራካሪው ወገን ይህን እንደሚያነሳ ጠብቁ።

## መመዘኛዎቹ

ዝውውሩ በምን መልክ ነው? ከሁሉ በፊት የሚጠየቀው ይህ ነው። ንብረቱና ሥራው ከአንድ ኩባንያ ወደ ሌላ ከተዛወረ፣ በድርጅት ዝውውር ጊዜ የሠራተኛን መብት የሚጠብቀው የአውሮፓ መመሪያ 2001/23 ይሠራል፦ የሥራ ውሉ ከነአገልግሎት ዘመኑ ይሻገራል፣ ዝውውሩ ብቻውን የስንብት ምክንያት አይሆንም፣ የሠራተኛ ተወካዮችም በጊዜው መረጃ ማግኘትና መመካከር አለባቸው። የተሸጠው የኩባንያው አክሲዮን ከሆነ ግን ይህ መመሪያ አይነሳም። አሠሪው ያው ነው፤ የተለወጠው ባለቤቱ ነው። ይህ ለሠራተኛው የተሻለ ይመስላል፤ ውሉም አይነካም፣ የኩባንያው የኅብረት ስምምነትም ይቀጥላል። ጉዳቱ ያለው በቡድን ደረጃ የተፈረመው ላይ ነው። የቡድን የሥራ ዋስትና፣ ወደ እህት ኩባንያ የመዛወር መብት፣ የጋራ የሥልጠና ማዕከል፣ የጋራ የጡረታ ተቋም ኩባንያው ከቡድኑ በወጣ ዕለት መሠረታቸውን ያጣሉ።

ብዙ ኩባንያዎች ሁለቱንም በየተራ አድርገዋል። ከ2003ቱ መመሪያ በኋላ ንብረቱን ወደ አዲስ ተቀጥላ ኩባንያ አዛወሩ፤ ዓመታት ቆይተው የዚያን ተቀጥላ አክሲዮን ሸጡ። በመጀመሪያው ዙር የተገኘ ዋስትና የጊዜ ገደብ ካለው ሁለተኛው ዙር ሲመጣ ጊዜው አልፎ ሊገኝ ይችላል። ዋስትናን በቀን ከመገደብ «የባለቤትነት ለውጥ ከተደረገበት ቀን ጀምሮ» ብሎ ማስላት ይህን ቀዳዳ ይደፍነዋል።

ማን ይሻገራል? የአውሮፓ ፍርድ ቤት በ1985 በቦትዘን ጉዳይ እንደወሰነው፣ የሚሻገረው ለተዛወረው ክፍል የተመደበ ሠራተኛ ነው። ለዚያ ክፍል አልፎ አልፎ የሚያገለግል የአስተዳደር ሠራተኛ አይሻገርም። የመስመር ቡድኑና የቁጥጥር ማዕከሉ ጥያቄ የለባቸውም። የሚንሳፈፉት የሬሌይ (የመስመር መከላከያ መሣሪያ) ላቦራቶሪው፣ የትራንስፎርመር ዘይት መመርመሪያው፣ የአይቲ ክፍሉ፣ መጋዘኑ፣ ግዢው፣ አሠልጣኞቹ ናቸው። እነዚህን በስም ዘርዝሩ፤ ካለፈው 1 ዓመት የሥራ ሰዓታቸው ስንት ከመቶው ለመስመሩ እንደዋለ ከሰዓት መቆጣጠሪያና ከደመወዝ መዝገብ አውጡ። አሠሪው ዝርዝሩን ቀድሞ ካወጣው የማኅበሩ ሥራ ስህተት ማረም ብቻ ይሆናል።

የኅብረት ስምምነቱ ዕድሜ። ንብረት ሲዛወር ስምምነቱ እስኪያልቅ ወይም በሌላ እስኪተካ ይቆያል። አገሮች ግን ይህን ጊዜ ማሳጠር ይችላሉ፤ ዝቅተኛው 1 ዓመት ነው። ስምምነቱ በዘርፍ ደረጃ ከተፈረመ አዲሱም አሠሪ የዘርፉ አባል እስከሆነ ድረስ ሥጋቱ በግማሽ ይቀንሳል።

ጡረታ። መመሪያ 2001/23 ከመንግሥታዊው ሥርዓት ውጭ ያለውን ተጨማሪ የኩባንያ ጡረታ በራሱ አያሻግርም፤ አገሩ በሕግ ካልጨመረው በቀር። ጡረታው በፈንድ የተቀመጠ ነው ወይስ በእናት ኩባንያው ሂሳብ ላይ የተጻፈ ዕዳ? ሁለተኛው ከሆነ ሠራተኛው የሚታመነው በአሠሪው ዕድሜ ነው። የተዛወረው ዕዳ በዝውውሩ ቀን በአክቹዋሪ (የጡረታ ዕዳን በሚያሰላ ባለሙያ) ተሰልቶ ገንዘቡ አብሮ እንዲገባ ማስፈረም ያስፈልጋል።

የደኅንነት ድንበር። ይህን መመዘኛ ጠበቆች ይዘሉታል፤ ሰው የሚሞተው ግን እዚህ ነው። በአንድ ማመንጫ ደጃፍ ያለን የ400 ኪሎ ቮልት ቤይ፣ ማለትም ማመንጫው ከመስመሩ የሚገናኝበትን የመሣሪያዎች ረድፍ፣ እናስብ። ጄኔሬተር፣ ማሳደጊያ ትራንስፎርመር፣ ብሬከር (ጅረቱን የሚያቋርጠው)፣ ዲስኮኔክተር (ክፍተቱ በዓይን የሚታይ ማለያያ)፣ የመሬት ማያያዣ ስዊች፣ ከዚያ ባስባር (መስመሮቹ የሚገናኙበት የጋራ ዘንግ)። አንድ ኩባንያ ሳለ አንድ የደኅንነት ደንብ፣ አንድ የቁጥጥር ኢንጂነር፣ አንድ የሥራ ፈቃድ ወረቀት ይበቃል። ከተለያዩ በኋላ ድንበሩ፣ እንበል፣ በዲስኮኔክተሩ አንድ ጎን ባለው መቆንጠጫ ላይ ይወድቃል። የማመንጫው ሰው የትራንስፎርመሩን ቡሺንግ (ሽቦው የሚገባበትን መከለያ) መንካት ሲፈልግ መስመሩን የያዘው ወገን ዲስኮኔክተሩን ይከፍታል፣ ይቆልፋል፣ በራሱ በኩል መሬት ያስይዛል፣ ይህንኑም በጽሑፍ ያረጋግጣል። ማመንጫው ደግሞ በራሱ ጎን ተንቀሳቃሽ መሬት ያስራል። ሁለት ቁልፍ፣ ሁለት ፊርማ፣ ሲጠናቀቅ ደግሞ በተገላቢጦሽ ቅደም ተከተል መሰረዝ።

የሚበላሸውም ይታወቃል። ያው ስዊች በሁለቱ ኩባንያዎች ሥዕል ላይ ሁለት ቁጥር ይይዛል። በጽሑፍ መሆን የነበረበት በስልክ ያልቃል። አንዱ ወገን ለሙከራ መሬቱን ሲያነሳ ሌላው አይሰማም። ጥገናው ለተቋራጭ ሲሰጥ ደግሞ የሚፈርመው ሰው ያንን ቤይ አይቶት አያውቅም። የምትጠይቁት ቀላል ነው፦ ለእያንዳንዱ ጣቢያ በሁለቱም የተፈረመ የድንበር ሥዕል፣ ለእያንዳንዱ ስዊች አንድ ቁጥር፣ በዓመት ቢያንስ 1 ጊዜ የጋራ ልምምድ፣ ወረቀቱ ካልተሟላ ሥራ የማቆም መብት። ከዝውውሩ ቀን በፊት ያልተፈረመ ከዝውውሩ በኋላ ወጪ ተብሎ ይከራከሩበታል።

ገንዘቡ። መስመር ገቢው በተቆጣጣሪው መሥሪያ ቤት ታሪፍ የተወሰነ፣ የተረጋጋ ነው። ማመንጫ በገበያ ዋጋ ይዋዥቃል። ሲለያዩ ዕዳው እንዴት ተከፈለ? ዕዳው ወደ መስመሩ ከተገፋ የጥገና በጀት ይጨነቃል፤ ከማመንጫው ጋር ከቀረ የመጀመሪያው ክፉ ዓመት በሠራተኛ ቅነሳ ይካካሳል።

## አማራጮቹ አንድ በአንድ

### በአንድ ግቢ ውስጥ አጥር፦ ገለልተኛ የማስተላለፊያ ኦፕሬተር

መስመሩ በእናት ኩባንያው አክሲዮን ሥር ይቆያል፣ በመካከል ግን ረጅም አጥር ይቆማል። ማኅበራት በብዛት የሚመርጡት ይህን ነው፤ ምክንያቱም ማንም አይሸጥም። የፈረንሳዩ አርቴኤ፣ የኦስትሪያው ኤፒጂ፣ በጀርመን የኤንቤቬው ትራንስኔትቤቬ በዚህ መንገድ ሄደዋል።

አጥሩ ከምን እንደተሠራ ግን ተደራዳሪዎች ዘግይተው ያያሉ። ኦፕሬተሩ የራሱ ሠራተኛ፣ የራሱ ንብረት፣ የራሱ ገንዘብ ሊኖረው ይገባል። ከቡድኑ ሠራተኛ መዋስ ክልክል ነው፤ አገልግሎት ከቡድኑ መቀበልም እንዲሁ። የአይቲ ሥርዓት፣ ቢሮና የመግቢያ ካርድ ሥርዓት መጋራት አይቻልም። ሂሳቡን የሚመረምረውም የቡድኑ ኦዲተር መሆን የለበትም። ይህ ሁሉ ድርብ ወጪ ነው። ተቆጣጣሪው ወጪውን በታሪፍ ካልተቀበለው ጫናው የሚወርደው ወደ ደመወዝ መዝገብ ነው።

ቀጥሎ የሙያ ዕድገት። ከአመራሩ አብላጫው ከመሾሙ በፊት 3 ዓመት፣ የቀሩት 6 ወር ከቡድኑ ውጭ የቆዩ መሆን አለባቸው። ሲለቁ ደግሞ ለ4 ዓመት ወደ ቡድኑ መመለስ አይችሉም። ደንቡ በመስመር ሥራ፣ በጥገናና በግንባታ ጉዳይ ለዋና አመራሩ በቀጥታ ተጠሪ የሆኑትንም ይይዛል። ተራው የመስመር ቴክኒሻን በዚህ አይታሰርም፤ የጥገና ኃላፊው ግን ይታሰራል። ስለዚህ የዕድገት ደረጃ በኅብረት ስምምነት ሲጻፍ ለዚህ ቦታ ካሳ ይታሰብበት።

ትልቁ ድንገተኛ ነገር አክሲዮን ነው። መመሪያው የኦፕሬተሩ ሠራተኞች በቀሪው የቡድኑ ክፍል ውስጥ ጥቅም እንዳይኖራቸው ይከለክላል። ጀርመን አስቀድሞ የተገዛን አክሲዮን የመሸጥ ግዴታ በአመራሩ ላይ ብቻ ጥላ ነበር። የአውሮፓ ፍርድ ቤት ሴፕቴምበር 2 ቀን 2021 በጉዳይ ሲ-718/18 ይህ አይበቃም፣ ግዴታው ሠራተኞችንም ያካትታል ብሎ ወሰነ። ጀርመን የሠራተኞችን የመንቀሳቀስና የንብረት መብት ጠቅሳ ያቀረበችው መከላከያ ተቀባይነት አላገኘም። በኩባንያችሁ የሠራተኛ አክሲዮን ዕቅድ ካለ ዛሬውኑ ጠበቃ ያስፈልጋችኋል፤ የመሸጫው ጊዜና ዋጋ፣ ከሽያጩ የሚመጣው ግብርም መደራደሪያ ናቸው።

የፈረንሳዩ አርቴኤ ሌላም ያስተምራል። በ2017 ከአክሲዮኑ 49.9 በመቶ ለመንግሥታዊው የፋይናንስ ተቋም ኬስ ዴ ዴፖና ለመድን ድርጅቱ ሲኤንፒ አሹራንስ ተሸጠ፤ እናት ኩባንያው ኤዴኤፍ 50.1 በመቶ ያዘ። አጥር ሽያጭን አያስቀርም፣ በከፊል ያዘገየዋል እንጂ። ሠራተኛውን ያቆየው ጁን 22 ቀን 1946 የጸናው የኤሌክትሪክና ጋዝ ዘርፍ የሠራተኞች ደንብ ነው፤ እሱ በኩባንያ ሳይሆን በዘርፍ የቆመ ነው።

### ሙሉ ሽያጭ ለግል ወይም ለውጭ ባለሀብት

በጀርመን ኢ.ኦን በኮሚሽኑ የውድድር ምርመራ ጫና ሥር ቃል ገብቶ መስመሩን በ2010 ለኔዘርላንዱ ቴኔት ሸጠ። ቫተንፎል በዚያው ዓመት የመስመር ኩባንያውን 50ኸርትዝን ለቤልጅጉ ኤሊያና ለአውስትራሊያው አይኤፍኤም አስረከበ። አርቬኤ በ2011 ከመስመር ኩባንያው ከአምፕሪዮን 74.9 በመቶውን ለፋይናንስ ባለሀብቶች ስብስብ ሸጠ። ግሪክ መጀመሪያ የአጥሩን መንገድ ሞክራ በ2017 ወደ ሙሉ መለያየት ዞረች፤ ከመስመር ኩባንያዋ ከአድሚኤ 24 በመቶው በ320 ሚሊዮን ዩሮ ለቻይናው ስቴት ግሪድ ተላለፈ።

ለመስመር ሠራተኛው ይህ ሁልጊዜ መጥፎ አይደለም። ሥራው መስመር ብቻ የሆነ ባለቤት ኢንቨስት ሲያደርግ በታሪፍ ትርፍ ያገኛል፣ ስለዚህ መገንባት ይወዳል። የሙያ እገዳም የለም፣ የሚወሰድ አክሲዮንም የለም። የሚፈራው ገዢው ማን ነው የሚለው ነው። ግዢውን በብድር የሸፈነ ፈንድ የትርፍ ድርሻን ከጥገና በጀት ያስቀድማል፤ ጥገናውን ለተቋራጭ የሚሰጠውም ያኔ ነው። ከሽያጩ በፊት ሁለት ቁጥር ጠይቁ፦ ከሽያጩ በኋላ የሚኖረው ዕዳ ተቆጣጣሪው ለታሪፍ ስሌት ከሚቀበለው የንብረት ዋጋ ስንት ከመቶ ነው? ከአሁኑ የጥገና ሥራ ስንት ከመቶው በራስ ሠራተኛ ይሠራል? ሁለተኛውን በስምምነቱ ላይ ዝቅተኛ ወለል አድርጋችሁ ጻፉት።

እውነተኛው ጉዳት ብዙ ጊዜ በሌላው ግማሽ ላይ ነው። ኔዘርላንድ የኅብረቱ ሕግ ሳያስገድዳት በ2006 ባወጣችው ሕግ የስርጭት መረብን ሳይቀር በባለቤትነት ለየች፤ መረቡ ለግል እንዳይሸጥም ከለከለች። መረቡ በማዘጋጃ ቤቶችና በክፍለ ሀገሮች እጅ ቀረ፣ ኤኔክሲስና አሊያንደርም ተፈጠሩ። ማመንጫና ሽያጩ ግን ተሸጠ፦ ኤሰንት ለጀርመኑ አርቬኤ፣ ኑዎን ለስዊድኑ ቫተንፎል። ኤኔኮ ለዓመታት በፍርድ ቤት ተሟግቶ በ2017 ተከፈለ፤ በ2020 የጃፓኑ ሚትሱቢሺ የሚመራው ቡድን ገዛው። መስመሩን ለማዳን የቆመ ማኅበር ማመንጫው ከእጁ ሲወጣ ጊዜ አያገኝም።

### ለሁለት የመንግሥት እጅ ማከፋፈል

ሕጉ ሁለት የተለያዩ የመንግሥት አካላት አንዱ መስመሩን፣ ሌላው ማመንጫውን ቢይዙ እንደ ሙሉ መለያየት ይቆጥረዋል። ስዊድን ቀድማ ሄዳበታለች፤ ስቬንስካ ክራፍትኔት በ1992 ከቫተንፎል ተለይቶ የመንግሥት መሥሪያ ቤት ሆነ። የዴንማርኩ ኤኔርጂኔትም የመንግሥት ነው። በእኛ አስተያየት በመንግሥት ይዞታ ሥር ላለ ኩባንያ ከሁሉ የሚሻለው መንገድ ይህ ነው፦ ማንም አይገዛም፣ የአጥሩ ደንቦችም አይመጡም።

እንከኑ ካፒታል ነው። የመንግሥት ባለቤት በጀቱ ሲጠብ ወደ ገበያ ያያል። ቴኔት ለጀርመን መስመር ግንባታ የሚያስፈልገው ገንዘብ ከኔዘርላንድ መንግሥት አቅም በላይ ስለሆነ የጀርመኑን ክፍል ለጀርመን መንግሥት ለመሸጥ ተደራደረ፤ ድርድሩ በጁን 2024 ያለ ስምምነት ተቋረጠ።

### ንብረቱ ለአንዱ፣ መሪው ለሌላው፦ ገለልተኛ የሥርዓት ኦፕሬተር

እናት ኩባንያው የመስመሩን ባለቤትነት ይይዛል፤ ማንቀሳቀስ፣ ማቀድና ማገናኘት ለሌላ ድርጅት ይሰጣል። ባለቤቱ ኦፕሬተሩ ያቀደውንና ተቆጣጣሪው ያጸደቀውን ኢንቨስትመንት ገንዘብ ማቅረብ አለበት። ስለዚህ የቁጥጥር ማዕከሉ ሰዎች ይሻገራሉ፣ የጥገናው ጭፍራ ይቀራል። ከአንድ ቤት ሦስት ቤት ይወጣል፣ የደኅንነት ድንበሩም አንድ እጥፍ ይጨምራል።

ጣሊያን ይህን ከ1999 ጀምሮ ሞከረችው፤ ጂአርቲኤን አንቀሳቀሰ፣ የኤኔሉ ቴርና ንብረቱን ያዘ። ሴፕቴምበር 28 ቀን 2003 ከሰርዲኒያ በቀር መላው አገር ጨለመ። መነሻው ስዊዘርላንድ ውስጥ ዛፍ የነካ መስመር ስለነበር ጥፋቱን በሞዴሉ ላይ ማላከክ ልክ አይሆንም፤ ሆኖም ፓርላማው በሚቀጥለው ወር ባለቤትነትና ሥራ እንዲጠቃለሉ ሕግ አወጣ፣ ከኖቬምበር 1 ቀን 2005 ጀምሮም ሁለቱ በቴርና ሥር ገቡ። ሌላ ምርጫ ካለ ይህን አትምረጡ።

የአየርላንዱ ትንሽ ይለያል፦ ኤርግሪድ ከ2006 ጀምሮ ያንቀሳቅሳል፣ የአገሩ የኤሌክትሪክ ኩባንያ ኢኤስቢ ንብረቱን ይዞ ይጠግናል፣ ይገነባል። የ2007ቱ የመንግሥት ሰነድ ንብረቱን ወደ ኤርግሪድ ለማዛወር ቢያስብም ማኅበራቱ ተቃወሙ፤ ዝውውሩም አልተፈጸመም። መንገዱ የተፈቀደው በ2009 ለነበረ አደረጃጀት ስለሆነ ለአዲስ ገቢ ዝግ ነው።

## በአጭሩ

| መመዘኛ | አጥር በግቢ ውስጥ | ሙሉ ሽያጭ | ሁለት የመንግሥት እጅ | ንብረት ለአንዱ፣ መሪ ለሌላው |
|---|---|---|---|---|
| አሠሪ | ተቀጥላው፤ ቡድኑ ያው | ባለቤቱ ይለወጣል | አዲስ የመንግሥት አካል | የቁጥጥር ሠራተኛው ይለወጣል |
| የቡድን ስምምነት | ይቆያል | ይወድቃል | በድርድር | ለሁለት ይከፈላል |
| የአክሲዮንና የዝውውር እገዳ | ከባድ | የለም | የለም | እንደ አጥሩ ያለ የለም |
| ጡረታ | የተሻለ ደኅንነት | በስሌት መፈረም ያሻል | ጥሩ | የተከፋፈለ |
| ድርብ ወጪ | ከፍተኛ | መካከለኛ | መካከለኛ | ከፍተኛ |
| ለተቋራጭ የመሰጠት ሥጋት | መካከለኛ | እንደ ገዢው | ዝቅተኛ | ከፍተኛ |
| የሚቀረው ማመንጫ | ከመስመሩ ገቢ ጋር ይቆያል | ብቻውን ይቀራል | ብቻውን፣ ግን በመንግሥት እጅ | ከንብረቱ ገቢ ጋር ይቆያል |

## የትኛው ለማን

የዘርፍ ስምምነት ያላችሁ ከሆነ በሞዴሉ ላይ ጉልበት አትጨርሱ። አዲሱ ባለቤት የዘርፉ አሠሪዎች ማኅበር አባል ሆኖ እንዲቆይ በሽያጩ ውል ውስጥ አስገቡ።

ስምምነታችሁ በኩባንያ ወይም በቡድን ደረጃ ብቻ ከሆነ አጥሩ ይሻላችኋል፤ የማይቀር ሽያጭ ከመጣ ደግሞ ከፊርማው በፊት የሦስትዮሽ የዝውውር ስምምነት ያስፈልጋል፣ ሻጭ፣ ገዢና ማኅበር የሚፈርሙት። የሥራ ዋስትናው ቢያንስ እስከ ቀጣዩ የታሪፍ ዘመን ማብቂያ ይዝለቅ፤ በብዙ አገሮች ይህ 4 ወይም 5 ዓመት ነው። ገዢው ወጪ የሚቆርጠው ታሪፉ እንደገና ሲሰላ ነውና።

አባሎቻችሁ በብዛት በማመንጫው ከሆኑ፣ በተለይም በሚዘጋ የድንጋይ ከሰል ጣቢያ፣ ሽያጩን ለማስቆም ከመታገል ከሽያጩ ገንዘብ የተወሰነው ለጡረታና ለመልሶ ሥልጠና በዝግ ሂሳብ እንዲቀመጥ መታገል ያዋጣል። ወደ መስመሩ ኩባንያ የመዛወር ቅድሚያ መብትም ጨምሩበት።

ገንዘብ የሌለው ትንሽ ማኅበር ለሁሉም ጠበቃ አይቀጥርም። ሦስት ነገር ይምረጥ፦ የሚንሳፈፉት ሠራተኞች የስም ዝርዝር፣ የጡረታው ስሌት በዝውውሩ ቀን፣ የደኅንነት ድንበር ሥዕሎች።

መንግሥት ኩባንያውን በራሱ ሊከፋፍል ሲያስብ ደግሞ የተባበሩ ማኅበራት አቅም አላቸው። በፈረንሳይ ኤዴኤፍን ለመበታተን የታሰበውን «ኤርኩል» ዕቅድ አራቱ ማኅበራት በአንድነት ተቃውመውት በ2021 ወደ ጎን ተደረገ፤ መንግሥት ኋላ በ2023 ኩባንያውን ሙሉ በሙሉ ያዘው።

## መቼ ይገባበታል

የማስተላለፊያ ኦፕሬተር ሥራ ለመጀመር ከተቆጣጣሪው ማረጋገጫ ማግኘት አለበት። ተቆጣጣሪው ማመልከቻው በደረሰው በ4 ወር ውስጥ ረቂቅ ውሳኔ ይሰጣል፤ ኮሚሽኑ በ2 ወር ውስጥ አስተያየቱን ይልካል፤ ከዚያ በ2 ወር ውስጥ የመጨረሻው ውሳኔ ይመጣል። ማኅበር ሰነድ የሚያስገባው በመጀመሪያዎቹ 4 ወራት ነው። ረቂቁ ከወጣ በኋላ የሚገባ ደብዳቤ ውጤቱ ትንሽ ነው።

የሚጻፈውም «እንቃወማለን» የሚል ሳይሆን የአጥሩ አማራጭ ራሱ የሚጠይቀው ነው። ኦፕሬተሩ ለሥራው የሚያስፈልገው የሰው ኃይል በራሱ ሥር ሊኖረው ይገባል። የጥገናው ቡድን በተቋራጭ እንደተተካ፣ ክፍት የሥራ ቦታዎች ስንት እንደሆኑ፣ በአንድ ፈረቃ ስንት ሰው መኖር እንዳለበትና ስንት እንዳለ በሰንጠረዥ ይቅረብ። ተቆጣጣሪው ሠራተኛውን ለመጠበቅ የቆመ አይደለም፤ ይህን ጥያቄ ግን ከሕጉ ጽሑፍ ውጭ ነው ብሎ ሊገፋው አይችልም።